ለጤና የሰጠሁት ስም

ስሜን አልነግራችሁም። ኩራት እንዳይመስላችሁ፤ ስምን ያለ ቦታው መናገር ምን እንደሚያመጣ ስላየሁ ነው። አገሬ መንዝ ነው፤ ከሞላሌ ወደ ላይ፣ ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ ገብስ በሚያጭድበት በኩል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ስጽፍ ቀስ እላለሁ። እናንተም ስታነቡ ቀስ በሉ፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

እኛ ዘንድ ሰው ሁለት ስም አለው። አንደኛው የዓለም ስም ነው፤ ሰፈር የሚጠራው፣ ግብር የሚገበርበት፣ ማዳበሪያ የሚወሰድበት። ሁለተኛው የክርስትና ስም ነው። እሱን የሚያውቁት እግዚአብሔር፣ የነፍስ አባትና የቤት ሰው ናቸው። ክፉ ሰው ከሰማው ድግምት ይደግምበታል ይባላል። እኔ ይህን አምናለሁ አልልም፤ አላምንም ብዬ ደግሞ ስሜን ለጎረቤት አልሰጥም። ሰው ታሞ ጠበል ሲሄድ ግን ቄሱ የሚጠይቁት ይህንኑ የክርስትና ስም ነው። የዓለም ስሙን ቢነግራቸው «እሱን ለገበሬ ማኅበር ንገር» ይሉታል።

ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኔን የክርስትና ስም «ገብረ እገሌ»፣ የባለቤቴን ደግሞ «ወለተ እገሊት» እንበላቸው። ተስማማን? እንቀጥል።

ጤና መድን የሚባለው ነገር ቀበሌያችን ከገባ ቆይቷል። ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፣ ሲታመም ደብተሩን አሳይቶ ይታከማል። እኔ በየዓመቱ «ለሚመጣው» እያልኩ አልፌዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ፣ ጉልበቴን፣ ወገቤንና ጥርሴን ካልቆጠርናቸው። ዘንድሮ ግን የባለቤቴ የበለጥሻቸው ዓይን ደከመ። በለጥሻቸው የበግ ጠጉር ስትፈትል ከአገሩ የሚያክላት የለም ነበር፤ የእሷን ፈትል ሸማኔው ሳይመርጥ ነው የሚቀበላት። አሁን ግን ክሩ አንድ ቦታ እንደ ገመድ፣ አንድ ቦታ እንደ ሸረሪት ድር እየሆነ መጣ። እንዝርቱን አስቀምጣ በእጇ ስትዳብስ ሳያት አንጀቴን በላችው። አንድ ጠዋት ደግሞ ከግድግዳ የተሰቀለውን ካፖርቴን «እንደምን አደሩ?» ብላ ሰላም አለችው፤ ዝም ሲላት ጊዜ ተቀይማ እኔን ቁርስ ነሳችኝ። ያን ቀን ነው አባል ለመሆን የቆረጥኩት።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትዕግሥት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ጠረጴዛ ዘርግታ ስትመዘግብ አገኘኋት። ከከተማ የመጣች፣ ለቀበሌው አዲስ የሆነች ጨዋ ልጅ ናት።

«ዘንድሮ ክልሉ አሠራሩን አሻሽሎታል» ትላለች ለሰዉ። «ቋቱ ከወረዳ ወደ ዞን አድጓል። ጤና ጣቢያው ያልቻለውን ሆስፒታል ድረስ ሄዳችሁ ትታከማላችሁ።»

ቋት ስትል እኔ የታየኝ አንድ ትልቅ ጎተራ ነው፤ የዞኑ ሰው ሁሉ ተሰልፎ በሽታውን የሚከትበት። «አይጥ አይገባበትም?» ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ሲገፋኝ ተውኩት።

«ዓይንም ይጨምራል?» አልኳት።

«ዓይንም ይጨምራል፣ አባባ። ሙሉ ስም?»

«ለምንድን ነው?»

«ለጤና ነዋ!»

ለጤና! በዚያ ላይ የቆምነው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የቅዳሴ ጠበል ገና ከከንፈሬ ሳይደርቅ። እናንተ ብትሆኑ የቱን ስም ትሰጡ ነበር? ጎንበስ አልኩና በጆሮዋ «ገብረ እገሌ» አልኳት።

«ለምን በሹክሹክታ ይነግሩኛል?»

«አንቺም በሹክሹክታ ጻፊው።»

«የአባት ስም?»

የአባቴን የክርስትና ስም ከፍትሐቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እሱንም ሹክ አልኳት። የአያቴን ስትጠይቀኝ ግን ተያዝኩ። «እሱን ዝለይው» አልኳት። «ሞቷል፤ ሕክምና አይፈልግም።»

«ባለቤትዎስ?»

«ወለተ እገሊት» አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። ስንት ባል ነው የሚስቱን የክርስትና ስም ሳይንተባተብ የሚያውቅ? በለጥሻቸው የነገረችኝ በጫጉላችን ነው፤ ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት በዚያ ስም ጧፍ አብርቼላታለሁ።

ሰልፉ ረጅም ስለነበር ትዕግሥት መታወቂያ አልጠየቀችኝም። መዋጮዬን ተቀበለችኝና «ፎቶውን ደብተሩ ሲመጣ ይለጥፉታል» አለችኝ። እኔም ለግብር የዓለሙን፣ ለጤና የክርስትናውን እያልኩ ስሞቼን በየመደባቸው ስላሰማራሁ፣ እንደ ትልቅ ሊቅ እየተጎማለልኩ ቤቴ ገባሁ።

ወር ያህል ቆይቶ፣ በገበያ ቀን፣ ከበለጥሻቸው ጋር በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በኩል እናልፋለን። እጄን ይዛለች። በጣሪያው ላይ ሞንታርቦ ተሰቅሏል። ለካ ከክልል ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ «መቶ በመቶ» የሚል ደብዳቤ ወርዷል፤ አንድም አባወራ እንዳይቀር ማለት ነው። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነው፤ ማይኩን እንደያዘ ይጮኻል።

«ደብተራችሁን ያልወሰዳችሁ! ገብረ እገሌ! ወለተ እገሊት! ቀርባችሁ ውሰዱ! ገብረ እገሌ፣ የት ነህ?»

ገበያው ሁሉ ሰማ። አህዮቹም የሰሙ መሰለኝ። ቀጥሎ «እስካሁን አባል ለመሆን እምቢ ያሉ» አለና አንድ ሰው ብቻ ጠራ፤ የኔን የዓለም ስም፣ ከነአባቴ ከነአያቴ።

በለጥሻቸው እጄን ለቀቀችው።

«አንተ ሰውዬ!» አለችኝ። በአርባ ዓመት ትዳር አንቱ እንጂ አንተ ብላኝ አታውቅም። «የክርስትና ስምህን ለሞንታርቦ ሰጠኸው?»

«ለጤና ነው ስትለኝ…»

«እንግዲህ ስሙን ያልሰማው ደብተራ የሞተው ብቻ ነው!»

«ያንቺንም… ያንቺንም ተናግሬብሻለሁ፣ በለጥሻቸው። ይቅር በይኝ።»

«የኔስ ግድ የለም» አለች ረጋ ብላ።

ምን ዓይነት ደግ ሴት ናት! ለእኔ ስም ስትቃጠል ለራሷ ግድ የላትም። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

በማግስቱ ደብተሩን ላመጣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁን ለብቻው አገኘዋለሁ ስል ቤቱ በሰው ሞልቷል። ከሁሉ ፊት የተቀመጠው ደግሞ በእርሻ ድንበር የምንካሰሰው ጎረቤቴ ነው፤ አማቹ ደብተራ ነው። እሱ ፊት «ገብረ እገሌ እኔ ነኝ» ልበል?

«ኧረ አባባ!» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «ከቀበሌው እርስዎ ብቻ ቀሩ። በእርስዎ ምክንያት እኮ መቶ በመቶ አልሞላሁም።»

«ከፍያለሁ፣ ልጄ።»

«ስምዎ የለም።»

«አለ… ግን የለም» አልኩ። ጎረቤቴ ጆሮውን አቀና።

«እሺ፣ ያስቡበት። ለመሆኑ ይህን ገብረ እገሌ የሚባለውን ሰው ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«ቅርብ ነው።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ደግ ሰው ነው። ትንሽ ሞኝ ነው እንጂ።»

«በሉ ደብተሩን ያድርሱለት» አለና አስፈረመኝ፤ በሽፋኑ ላይም «በእጅ አድራሽ» ብሎ የዓለም ስሜን ጻፈበት። «እግረ መንገድዎንም ከእሱ ይማሩ፣ አባባ። እሱ ያለማንም ጉትጎታ ነው የተመዘገበው።»

«እማራለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ደብተሩን ከራሴ ለራሴ አስረከብኩ። ማጣበቂያ ስላልነበረ የሁለታችንንም ፎቶ በሊጥ ለጠፍኩ። በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ የመድኑ ኮሚቴ ቤቴ ድረስ መጥቶ አባል እንድሆን መከረኝ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ አንዱ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «ልቦናዎን እንደ ገብረ እገሌ ያድርግልዎ» ብለው መረቁኝ። «አሜን» አልኩ፤ ምን እላለሁ?

ሰኞ ዕለት በለጥሻቸውን ይዤ ጤና ጣቢያ ወረድኩ። የመረመራት ሐኪም መብራቱን ዓይኗ ላይ አብርቶ ብዙ ቆየ።

«ሞራ ነው፣ እናቴ። ግራው ጨርሶ ተሸፍኗል፣ ቀኙም እየተከተለ ነው። የምሥራቹ ግን ሐሙስ ሆስፒታል ውስጥ የዓይን ቀዶ ሐኪሞች አሉ። ከሐሙስ በኋላ መቼ እንደሚመለሱ እኔም አላውቅም። የሪፈር ወረቀቱን በመድን መስኮት አስመዝግቡና ሂዱ።»

በለጥሻቸው «እንዝርቴን አየዋለሁ?» አለችው።

«ያዩታል።»

መስኮቷ አንገት ታስገባለች፣ ትከሻ አታስገባም። ውስጥ የተቀመጠችው ወይዘሪት ደብተሩን አየች፣ መታወቂያዬን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ደብተሩን አየች።

«ገብረ እገሌ ማን ናቸው?»

አንገቴን አስገብቼ «እኔ ነኝ» አልኳት ቀስ ብዬ።

«አልሰማሁዎትም። ጮክ ይበሉ፣ ጫጫታ ነው።»

«እኔ ነኝ!» አልኩ። ጫጫታው በዚያችው ቅጽበት ጸጥ አለ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው።

«መታወቂያው ላይ ያለውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ሽፋኑን ገለበጠችው። «ደብተሩን ለገብረ እገሌ አደርሳለሁ ብለው የፈረሙትስ?»

«እኔው ነኝ።»

«አደረሱለት?»

«በዚያው ቀን።»

ከኋላዬ ሰልፉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ፎቶዬን በጥፍሯ ነካ አደረገችው። «አባባ፣ በሰው ደብተር ላይ የራስን ፎቶ መለጠፍ ወንጀል ነው። ደግሞ ይሄ ምንድን ነው? ሊጥ ነው?»

«የገብስ ነው» አልኳት፤ ጉዳዩን የሚያቀልልኝ መስሎኝ።

«እኔ ጨክኜ እንዳይመስልዎት። ከዘንድሮ ጀምሮ ክልሉ ሁሉንም ነገር በኮምፒውተር አድርጎታል። ስሙና መታወቂያው ካልገጠመ ሲስተሙ ሪፈሩን አይቀበለኝም። ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያውቅ ምስክር አቅርበው ከቀበሌ ደብዳቤ ያምጡ። እስከ ረቡዕ ካመጡ ለሐሙስ ይደርሳሉ። የባለቤትዎንም ጭምር።»

ስወጣ በለጥሻቸው እጅጌዬን ያዘች። «ምን አሉህ?»

«ሌባ አሉኝ።»

«በየትኛው ስምህ?»

ማክሰኞ ጠዋት የነፍስ አባታችንን መምሬ ወልዴን ለምኜ፣ ከበለጥሻቸው ጋር ሦስታችን ቀበሌ ገባን። መጀመሪያ በሩን ዘጋሁ። ቀጥሎ መስኮቱን ዘጋሁ። ሥራ አስኪያጁ ልመታው መስሎት ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት።

አፉን ከፍቶ አየኝ። «እርስዎ ነዎት ገብረ እገሌ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እምቢ ያለ ሰው የለም ማለት ነው! መቶ በመቶ ሞልቷል ማለት ነው!» ዘሎ አቀፈኝ። ስልኩን አንስቶ ለወረዳ ሊደውል ሲል መምሬ በመስቀላቸው እጁን ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ደብዳቤውን።»

«እሺ አባታችን። ይህ ሰው በክርስትና ስሙ ገብረ እገሌ ነው?»

መምሬ «የስሙ ባለቤት ከፈቀደ ልናገር» አሉ፤ ፈቀድኩ። «አዎ፣ ነው።»

«እሳቸውስ ወለተ እገሊት ናቸው?»

መምሬ ጢማቸውን ዳሰሱ። ጣሪያውን አዩ።

«መምሬ?» አልኩ።

«ወለተ እገሊት የምትባል የንስሐ ልጅ የለችኝም» አሉ።

ሳቅኩ። መርሳት ነው፣ እርጅና ነው ብዬ ወደ በለጥሻቸው ዞርኩ። በለጥሻቸው ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ተሸፋፍናለች።

«በለጥሻቸው?»

«አይቆጡ፣ አንቱ» አለች። ከገበያው ቀን ወዲህ አንቱ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። «እናቴ ናት። ሳገባ 'የክርስትና ስምሽን ለባል አትስጪ፤ ወንድ ሲቆጣ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም' አለችኝ። እርስዎ ደግሞ በጫጉላው ነጋ ጠባ ጠየቁኝ። ጊዜው ሲረዝም አንዱን ፈጥሬ ነገርኩዎት።»

«ፈጥረሽ?»

«አፌ ላይ የመጣውን።»

«አርባ ዓመት ጧፍ ያበራሁት ለማን ነው?»

«እሷ የት እንዳለች እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ መምሬ። «የትም ትሁን የት፣ በጣም ጤነኛ ሴት ናት።»

አሁን ገባኝ፤ በገበያው «የኔስ ግድ የለም» ያለችው ለዚህ ኖሯል! እኔ እንባ ያቀረርኩት ለሌለች ሴት ነው። ልቆጣ ፈለግኩ፤ ግን ስቆጣ ወዴት እንደምሄድ አራቱም ሰው እየተጠባበቀ መሰለኝ፣ እኔንም ጨምሮ፤ ስለዚህ ቁጭ አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ እውነተኛው ስማቸው ማን ነው?»

በለጥሻቸው «አልናገርም» አለች።

መምሬ «እኔም አልናገርም» አሉ።

«እንዳያችሁት ዓይኗ ሊጠፋ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ከሐሙስ ካለፈ ማን ያያታል? እኔ እኮ ስሟን አልፈለግሁም፣ እንድታየኝ ነው የፈለግሁት!»

በለጥሻቸው እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ፈለገች፤ መጀመሪያ የወንበሩን፣ ቀጥሎ የኔን አገኘች።

«ልጄ» አሉ መምሬ ለሥራ አስኪያጁ፣ «ደብተሩ ላይ ያለው ፎቶ የማን ነው?»

«የእሳቸው።»

«መታወቂያው ላይ ያለው ፊትስ?»

«የእሳቸው።»

«እንግዲያው እግዚአብሔር በሚያውቀው ስም እኛ ምን አገባን? በዓለም ስሟ አስተካክለው፤ ሴትዮዋ እሷ መሆኗን እኔ በመስቀሌ እመሰክራለሁ።»

ልጁም ጻፈ። ደብዳቤውን አንብቦልናል፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «በደብተሩ ላይ በስም የተጠቀሱት ሴት በቀበሌያችን የሌሉ መሆናቸውን፣ በቀበሌያችን ያሉት ሴት ደግሞ በደብተሩ ላይ በስም ያልተጠቀሱ መሆናቸውን፣ ይሁን እንጂ ሁለቱም አንድ መሆናቸውን፣ ባለቤታቸውም እንደዚሁ ሁለት ሆነው አንድ መሆናቸውን እናረጋግጣለን።» ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታበት፤ ለእርግጠኝነት።

ረቡዕ የመስኮቷ ወይዘሪት ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ ግንባሯን ከጠረጴዛው ላይ ደፍታ ትንሽ ቆየች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ቀና ስትል ፊቷ በሳቅ ቀልቷል። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ኮምፒውተሩን ነካካች። «ተቀበለ!» አለች። ሰልፉ አጨበጨበ።

ሐሙስ ሆስፒታሉ ውስጥ በለጥሻቸውን አረንጓዴ ልብስ አለበሷት። ነርሷ «አይዞዎት፣ እናታችን፤ ቶሎ ነው የሚያልቀው» ብላ በሩን ልትከፍት ስትል በለጥሻቸው የካፖርቴን ኮሌታ ጨብጣ ወደ ታች ሳበችኝ።

«አንቱ፣ ይስሙኝ። ምናልባት ብሞት ፍትሐቱን በዚያች ሴትዮ ስም እንዳያስደርጉብኝ። ጧፉን ሁሉ ወስዳብኛለች፤ ነፍሴን እንኳ አትውሰድብኝ።»

«አትሞቺም። ዓይን ነው እኮ።»

«ዝም ብለው ይስሙ» አለችና በጆሮዬ ነገረችኝ።

ቆንጆ ስም ነው። ከፈጠረችው ይልቅ ይህ ይሻላል፤ እሷን እሷን ይላል። እዚህ ላይ እንድጽፈው የምትጠብቁ ካላችሁ እስካሁን ስታነቡ አልነበራችሁም።

እሷ ውስጥ ሳለች ከደጅ ቆሜ በዚያ ስም እግዚአብሔርን ስለምን ቆየሁ። መጀመሪያ ላይ ከልማድ የተነሳ ሁለት ጊዜ ለዚያችኛዋ ሴት ለመንኩላት፤ ምን ላድርግ፣ አርባ ዓመት ቀላል አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻውን አነሱላት። ዓይኗን አርገበገበች፣ ግድግዳውን አየች፣ ነርሷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ምን ትል ይሆን ብዬ ካፖርቴን አስተካከልኩ።

«ጺምዎን ማን ነው እንደዚህ የቆረጠዎት?» አለችኝ።

«እኔው ነኝ።»

«ያስታውቃል።»

ከሆስፒታሉ ስንወጣ እጄን ልሰጣት አልኩ፤ አልፈለገችም። ጥቂት ሄድ አለችና ቆመች።

«ትናንት የነገርኩዎትን ረሱት?»

«የቱን?»

«አውቀው ነው። ረሱት?»

«ረስቼዋለሁ።»

«ይማሉ?»

ሳል ያዘኝ። መማል ኃጢአት ነው፣ በሐሰት ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ስለዚህ እስከ አስፋልቱ ዳር ድረስ ሳልኩ። እሷ አስፋልቱን ለብቻዋ፣ ሞተር እየጠበቀች፣ ባጃጅ እያሳለፈች ተሻገረች። እኔ ከወዲህ ማዶ ቀረሁ። ነጠላዋን አስተካክላ ከማዶ በቆሙት መኪናዎች መካከል የኛን ስትፈልግ፣ ታርጋውን ስታይ፣ ተመለከትኳት። ልቤ ሞላ። ያን ጊዜ ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ፣ በእውነተኛው ስሟ ተመስገን ማለት ጀመርኩ፤ ስሟ ላይ ደርሼ ገና ግማሹን ሳልል—

«አፍዎን ይዝጉ!» ብላ ጮኸችብኝ ከማዶ።